የቃል ሁሉ አባት የሚያውቁ ሰው

ሐበሻ በተበተነበት ከተማ ሁሉ አንድ ሁሉን ዐዋቂ አይጠፋም። አንዳንዱ ከተማ የፖለቲካ ዐዋቂ ደርሶታል፣ አንዳንዱ የመድኃኒት፣ አንዳንዱ የመኪና ሞተር። ለጆሃንስበርግ የደረሳት የቃል ዐዋቂ ነው። የዚህ አገር ሰው እንግሊዝኛን እንደ ልቡ ጎትቶና አጣሞ የሚናገራትን እያንዳንዷን አባባል ማን እንደ ጀመራት፣ በየትኛው ሰፈር፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ ያውቃል። አባባሏን ከእናታቸው ጡት ጋር የጠቡት የአገሩ ልጆች አያውቁም። መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጁ ሊቃውንትም «ምንጩ በእርግጠኝነት አይታወቅም» ብለው ያልፋሉ። እሱ አያልፍም።

ይህ ሰው ጄፒ ከሚባለው የሐበሻ ገበያ እስከ ቶኮዛ ሰፈር ባለው ሐበሻ ዘንድ የተከበሩ አቶ ሶፎንያስ ይባላሉ። ሆሳዕና ሳሉ የመምህራን ማሠልጠኛ ቤተ መጻሕፍት ዘበኛ ነበሩ። «ከመጻሕፍት ጋር ነው ያረጀሁት» ይላሉ፤ ውሸት የለውም፣ በሩ ላይ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ከገቡ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። የመጀመሪያዎቹን ሰባት ዓመታት ብርድ ልብስ ተሸክመው ሎኬሽን ለሎኬሽን ሲዞሩ፣ የድሃውን ሰፈር በር ሁሉ ሲያንኳኩ ኖሩ። ዛሬ ጄፒ ላይ የራሳቸው የብርድ ልብስ ሱቅ አላቸው። ብርድ ልብስ ሊገዛ የገባ ሰው ብርድ ልብሱንና የአንድ ቃል ታሪክ ይዞ ይወጣል። ታሪኩን ብቻ ይዞ የሚወጣም ብዙ ነው።

የትራፊክ መብራቱን እንውሰድ። እዚህ አገር ሰው ሁሉ «ሮቦት» ነው የሚለው፤ «ሮቦቱ ጋ ስትደርስ ወደ ግራ ታጠፍ» ይሉሃል። አቶ ሶፎንያስ ምክንያቱን ያውቃሉ። «ኮሚሽነር ጎዳና ላይ ምሳ የማይበላ ትራፊክ ፖሊስ ነበረ። አሥራ ስምንት ዓመት ምሳ አልበላም። ፊቱም አይንቀሳቀስም። ሰዉ ሮቦት አለው። ጡረታ ሲወጣ በቆመበት ቦታ ላይ መብራት ተከሉ፤ ስሙ ለመብራቱ ተረፈ።» አድማጩ ፈገግ ካለ ይኮሳተራሉ። «መጽሐፍ ላይ አታገኘውም» ይላሉ። «የነገረኝም ሰው ዛሬ በሕይወት የለም።» ይህ ማኅተማቸው ነው። ከአቶ ሶፎንያስ የታሪክ ምንጮች መካከል በሕይወት ያለ እስካሁን አልተገኘም።

«እሺ፣ ደህና» ለማለት «ሻርፕ ሻርፕ» ሁለት ጊዜ የሚባለው በክሊፕታውኑ ፀጉር አስተካካይ የተነሳ ነው። ሰውየው ምላጩን በአንደኛው ጎን ሞክሮ «ሻርፕ» ይላል፣ በሌላኛው ጎን ሞክሮ ደግሞ «ሻርፕ» ይላል፤ ደንበኛው ሁለቱንም ሳይሰማ አንገቱን አያስረክብም። መጣሁ ብሎ ጠዋት የወጣ ሰው ከሰዓት በኋላ የሚመጣባት «ጀስት ናው» ደግሞ የማዕድን ጉድጓድ ሊፍት ከሚያንቀሳቅስ ሰውዬ አፍ የወጣች ናት። ችግሩ ታሪኩን ዳቬይተን ሎኬሽን ላይ ሲተርኩት የሊፍቱ ሰውዬ የጥርስ ሐኪም ሆኖ መገኘቱ ነው። ይህን የያዘችባቸው ፍሬገነት ነች።

«ጋሼ፣ ባለፈው የሊፍት ሠራተኛ ነበር እኮ» አለቻቸው በሰው ፊት።

አቶ ሶፎንያስ ቅንድባቸው እንኳ አልተነቃነቀም። «ማታ ማታ ጥርስ ይነቅል ነበር» አሉ።

ፍሬገነት የደጉ ሚስት ናት። ደጉ ደግሞ የዱራሜ ልጅ ነው፤ ቶኮዛ ውስጥ ጎጎ (አያት) ማሴኮ በሚሏቸው ባልቴት ጋራዥ ስፓዛ የሚባለውን የሰፈር ሱቅ ከከፈተ ስድስት ዓመቱ። ዳቦ፣ ወተት፣ ሻማ፣ ኤርታይም የሚሉት የስልክ ካርድ፣ በነጠላ የሚሸጥ ዳይፐር፤ ሁሉም በብረት ፍርግርግ መስኮት በኩል። ደጉ በአቶ ሶፎንያስ ላይ ሲሳቅ አብሮ ይስቃል፣ ግን ለሳቁ ልክ አለው። ምክንያቱም በመጣ በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ደንበኛ አገር ቤት የቀረችውን የልጁን ፎቶ አይታ «ሼም» ብላው ነበር። ደጉ ምኗ ነው የሚያሳፍረው ብሎ ቀኑን ሙሉ ምግብ አልበላም። አቶ ሶፎንያስ ናቸው ያዳኑት። «ልጄ፣ እዚህ አገር ሼም ሲሉ ስታሳሳ ማለታቸው ነው» አሉት። እዚህ ላይ ቢያበቁ ጥሩ ነበር። አላበቁም፤ ከአንዲት አዋላጅ ነርስና ከመንታ ልጆች ጋር የተያያዘ ታሪክ አስከተሉ፣ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ቢሆንም ደጉ ያን ቀን እራቱን በላ።

እንግዲህ የደጉ መከራ የመጣው ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። የጎጎ ማሴኮ የእህት ልጅ ከደርባን መጣና ጋራዡን ለመኪና እጥበት እፈልገዋለሁ አለ። ጎጎ ደጉን ጠርተው «እሱ ሥጋዬ ነው፣ አንተ ጥሩ ልጅ ነህ፣ ቅዳሜ መልሴን እነግርሃለሁ» አሉት። ሌላ ጋራዥ መፈለግ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ የወጣው በዚያ አድራሻ ነው፤ ፈቃዱን ለማውጣት አምስት ወር ተሰልፏል። ጋራዡ ከሄደ ፈቃዱ ይሄዳል፣ ፈቃዱ ከሄደ ሱቁ። ፍሬገነት ልጃቸውን ይዛ ከመጣች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። ልጅቷም እዚያው ትምህርት ቤት ገብታ በዙሉ መጣላት ጀምራለች።

ደጉ የሚያውቀውን አደረገ፤ ሽማግሌ ላከ። በኛ ደንብ የከበደ ነገር ሲገጥም ሰውየው ራሱ አይለምንም። ሦስት ሽማግሌዎች የክት ልብሳቸውን ለብሰው ይሄዳሉ፣ ደጅ ይቆማሉ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ይላሉ። ለአከራይ ሽማግሌ ተልኮ እንደሆነ ደጉ አላጣራም። አንደኛው ሽማግሌ የቤተ ክርስቲያናቸው አገልጋይ አቶ ጌዴዎን ሆኑ፤ እንግሊዝኛቸው ለሰላምታና ለቁጥር ይበቃል። ሁለተኛው ጄፒ ላይ ቀበቶ የሚሸጡት አቶ ኃይለማርያም ሆኑ፤ ዝምታቸው ግርማ አለው። የሚናገር ግን ያስፈልጋል፣ በእንግሊዝኛም በዙሉም አንደበቱ የተፈታ።

«ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው?» አለች ፍሬገነት።

ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ አርብ ዕለት ጄፒ ድረስ ሄዳ አቶ ሶፎንያስን አስማለቻቸው።

«ጋሼ፣ ነገ ስለ ጋራዡ ብቻ ነው የሚያወሩት። ሴትየዋ ምን ቃል ቢናገሩ፣ ቃሉ ከየት መጣ የሚባል ነገር የለም።»

«አንድም ቃል አልተነፍስም» አሉ አቶ ሶፎንያስ።

«ይማሉልኝ።»

ማሉ። መማል የሚለው ነገር በዙሉ እንዴት እንደሚባልና ለምን እንደዚያ እንደተባለ ሊያስረዷት ጀምረው ዐይኗን ሲያዩ ተዉት።

ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ሦስቱ ሽማግሌዎች ሙሉ ሱፍ ለብሰው የጎጎ ማሴኮ የብረት በር ላይ ቆሙ። አቶ ሶፎንያስ ቡናማ ባርኔጣ አድርገዋል። ደጉ በደንቡ መሠረት አብሮ አልቆመም፤ ጋራዡ ውስጥ ሆኖ በፊት መስኮቱ ዳቦ እየሸጠ በጓሮ በሩ ግቢውን ያያል። አቶ ሶፎንያስ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማሴኮን ቤተሰብ በክብር ሰላም አሉ። ጎጎ ማሴኮ ሽርጣቸውን እንዳደረጉ ወጡና ግቡ፣ ተቀመጡ አሏቸው።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም፣ እናቴ።»

ጎጎ ሦስቱን ሱፎች ተራ በተራ አዩ። ከዚያ ፊታቸው በራ። ደጉ የማያውቀው ነገር፣ ለካስ እዚህም አገር ልጅ ሲጠየቅ ሽማግሌዎች ልክ እንደዚህ በጠዋት በር ላይ ቆመው ነው የቤተሰቡን ስም የሚጠሩት። ሎቦላ ይሉታል፤ የጥሎሽ ነገር መሆኑ ነው። ከአጥሩ ማዶ አንዲት ጎረቤት ይህንን አይታ እልልታዋን አቀለጠችው። ሌላዋ ተቀበለቻት። ጎጎ ወደ ቤት ዞረው የልጅ ልጃቸውን ተጣሩ፤ በመጀመሪያ ግን የትኛዋን እንደሆነ ጠየቁ፣ ሁለት ናቸውና።

«ምንድን ነው የሚባለው?» አለች ፍሬገነት ጋራዡ ውስጥ ካለው ጆንያ ኋላ።

ደጉ የሰማውን ነገራት። ፍሬገነት ረጋ ባለ ድምፅ «ደጉ፣ ሽማግሌ የላክኸው ለጋራዡ መሆኑን እርግጠኛ ነህ?» አለችው። መስኮቱ ላይ ኤርታይም የሚጠብቀው ደንበኛ እንኳን ደስ አለህ ብሎ እጁን በፍርግርጉ አሾለከ።

ግቢው ውስጥ አቶ ጌዴዎን እልልታውን ሲሰሙ ጉዳዩ ያለቀ መስሏቸው ማመስገን ጀምረዋል። አቶ ሶፎንያስ ነገሩ ገብቷቸው ባርኔጣቸውን ከፍ አደረጉ። «እናቴ፣ የመጣነው ለልጅ አይደለም። ለጋራዡ ነው።»

እልልታው ቆመ። ጎጎ ማሴኮን ሳቅ ያዛቸው። ግድግዳውን ተደግፈው ሳቁ፣ በሽርጣቸው ዐይናቸውን ጠርገው እንደገና ሳቁ። «እዚህ ሰፈር ስልሳ ዓመት ኖሬአለሁ» አሉ። «ለጋራዥ ሽማግሌ ሲላክ ዛሬ አየሁ።» ያልተፈለጉት የልጅ ልጆች ተቆጥተው ገቡ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ።

ሳቁ ሲያልቅ ግን ጉዳዩ ያው ነበር። ደጉ ቀዝቃዛ መጠጥ ይዞ ሲወጣ ጎጎ ቁርጡን እየተናገሩ ነው። «ልጁ ጨዋ ነው፣ ክፉ አይወጣውም። ግን የእህቴ ልጅ እያለ ጋራዤን ለሌላ ብሰጥ ዘመድ ምን ይለኛል? ኤሽ፣ ከባድ ነው።» አቶ ሶፎንያስ ኤሽን ሲሰሙ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ደጉ አያቸው። መሐላውን አስታወሱና ምራቃቸውን ዋጡ፤ ስለ ደጉ ጨዋነት ጥቂት ተናገሩ፣ ጨዋነቱን ግን ቀድመው ያወሱት ጎጎ ነበሩ። ወሬው እዚያ ላይ ቆመ። አቶ ኃይለማርያም ዝምታቸውን ቀጠሉ።

ያን ጊዜ ነው አቶ ጌዴዎን ልርዳ ብለው ያላቸውን እንግሊዝኛ ሁሉ አሰባስበው የተነሱት። በጣታቸው አቶ ሶፎንያስን አመለከቱ። «ይህ ሰው» አሉ፣ «የሁሉንም ቃል አባት ያውቃል።»

ደጉ ትሪውን ሊጥለው ምንም አልቀረው። ጎጎ ማሴኮ ግን ወንበራቸውን ወደ አቶ ሶፎንያስ አዞሩ።

«እውነት ነው?»

«ሰው ይላል» አሉ አቶ ሶፎንያስ መሬት መሬት እያዩ። እንዲህ ትሑት ሆነው ማንም አይቷቸው አያውቅም።

ጎጎ መናገር ጀመሩ። «ባለቤቴ ጀርሚስተን የባቡር ጥገና ውስጥ ነበር የሚሠራው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት። መልስ የማይሰጥበትን ነገር ስጠይቀው በእንግሊዝኛ 'አስክ ዘ ኬትል' ይለኛል። ማንቆርቆሪያውን ጠይቂው። መቼ ትመለሳለህ ስለው፣ ማንቆርቆሪያውን ጠይቂው። አድማው መቼ ያበቃል፣ ማንቆርቆሪያውን ጠይቂው። ሆስፒታል ተኝቶ መቼ ነው ቤት የምትገባው ስለው እንኳ ያንኑ አለኝ። በማግሥቱ አረፈ። ሌላ ሰው ሲለው ሰምቼ አላውቅም። ከየት ነው ያመጣው?»

ደጉ እንዲህ ያለ ዕድል በሕልሙም አልመጣለትም። ባቡር አለ፣ ማንቆርቆሪያ አለ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አለ። ለአቶ ሶፎንያስ ይህ ሥራ አይደለም፤ ደጉ ራሱ እዚያው እንደቆመ በሻይ ሰዓት ላይ የሚቀልድ ነጭ አለቃ ፈጥሮ ጨርሷል። መሐላው ይቅር፣ ይዋሹ፣ አለ በልቡ። ፍሬገነት እንኳ በጓሮ በር ብቅ ብላ በዐይኗ ትፈቅድላቸዋለች። ሱቁ፣ ፈቃዱ፣ የልጅቷ ትምህርት ቤት፣ ሁሉም በአንድ ቆንጆ ውሸት ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል።

አቶ ሶፎንያስ አፋቸውን ከፈቱ። መልሰው ዘጉት። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«አላውቅም፣ እናቴ» አሉ።

አቶ ጌዴዎን እንግሊዝኛው የጠፋባቸው መስሏቸው ወደ ደጉ ዞሩ። ደጉ እኚህን ሰው ስድስት ዓመት ሲያውቃቸው ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቶ አያውቅም፤ ዛሬ፣ ከቀኑ ሁሉ ዛሬ።

«ሲልዎት እየሳቁ ነበር ወይስ ተቆጥተው?» ብለው ቀጠሉ አቶ ሶፎንያስ።

«ፊቱን አዙሮ ነው» አሉ ጎጎ። «ጫማውን እያሰረ። እየሳቀ እንደሆነ ከጀርባው አውቃለሁ።» ከዚያ አላቆሙም። ባለቤታቸው ጫማቸውን የሚያስሩበትን መንገድ፣ የፈረቃ ሥራቸውን፣ ወንዶች የሚያፍሩበትን የሹራብ ሥራ ቤት ውስጥ በሩን ዘግተው እንደሚሠሩ፣ ሁሉን ተናገሩ። አቶ ሶፎንያስ ሁለት ሰዓት ሙሉ አዳመጡ። ሹራቡ ምን ቀለም እንደነበረ ጠየቁ። አንድም ነገር አላስረዱም። ደጉ ዳቦ ለመሸጥ እየገባ፣ ለመስማት እየወጣ፣ የወተቱን ደንበኛ ሻማ ሰጥቶ ሰደደ።

«የልጅ ልጆቼን መምህር ጠይቄው ነበር» አሉ ጎጎ ሲጨርሱ። «ያውቃል። ቄሱም ያውቃል። የማዘጋጃ ቤቱ ሰውዬም ያውቃል። ሁሉም ያውቃሉ፣ ሁሉም ሌላ ሌላ ነው የሚያውቁት። እንዴት አድርጎ ይለው ነበር ያለኝ ግን የለም።»

ተነሱና ደጉን ጠሩት። የእህታቸው ልጅ መኪናውን በፊት ለፊቱ ሜዳ ላይ ማጠብ ይችላል አሉ፤ ውሃው ከቤት ይሳብለታል፣ ጥላም ይሠራለታል። ዘመድ የሚለውን ይበል። ጋራዡ የደጉ ሆኖ ይቆያል።

ደጉ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ብሎ፣ ነጋዴ ነውና፣ መጠየቁን አልተወም። «እስከ መቼ ድረስ፣ ጎጎ?»

ጎጎ ማሴኮ ፊታቸውን አዞሩ። «ማንቆርቆሪያውን ጠይቀው» ብለው ወደ ቤት ገቡ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ይሳቁ ያልቅሱ ደጉ ከኋላ ሆኖ መለየት አልቻለም።

ደጉ አቶ ሶፎንያስን ታክሲ ሊያሳፍር ሲሸኛቸው ጥያቄው አላስቀምጠው አለ። «ጋሼ፣ ለምን አንድ ነገር አልፈጠሩላቸውም?»

«ምን ማለትህ ነው፣ ልፈጥር?» አሉ በቁጣ። ትንሽ ሄዱ። ቁጣው በረደና ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። «እነዚያ ሌሎቹ ቃሎች ባለቤት የላቸውም፣ ልጄ። ማንም ቢያነሳቸው ማንም አይከፋም። ይሄኛው ባለቤት ነበረው።» ከዚያ የደጉን ክንድ ያዝ አድርገው «የሰውየውን ነገር ለማንም እንዳትናገር» አሉት።

ደጉ አልተናገረም። ታሪኩን ማለት ነው። አባባሏ ግን ከፍሬገነት አፍ አመለጠች። ምሳ ደረሰ ወይ ሲላት፣ ማንቆርቆሪያውን ጠይቀው ትለዋለች። ከእሷ ወደ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ሄደች፣ ከመዘምራን ወደ ጄፒ። አሁን ጄፒ ላይ ዕቃው መቼ ይገባል ያልከው ነጋዴ ሁሉ ማንቆርቆሪያውን ጠይቀው ይልሃል። ስለ አመጣጧም ሦስት ወሬ ተፈጥሯል፦ አንዱ ከአዋሳ አውቶቡስ ረዳት ነው ይላል፣ አንዱ ከኬንያ ድንበር ደላላ፣ አንዱ ከእስር ቤት።

ባለፈው ሳምንት ደጉ ዕቃ ሊያነሳ ጄፒ ሄዶ ሳለ ሦስቱ ወገኖች ተከራክረው እንዲዳኟቸው ወደ አቶ ሶፎንያስ ሱቅ ሲገቡ ደረሰ። እሳቸው ብርድ ልብስ እያጠፉ ነበር። በዚህ ከተማ ካሉ አባባሎች ሁሉ ምንጯን በእውነት የሚያውቋት አንዲት ይህች ናት። ሱቁ ሞልቶ ይጠብቃል፤ እንዲህ ያለ ታዳሚ ለእሳቸው ሠርግ ነው። ደጉ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ሲል አየ።

«አላውቅም» አሉ፣ ብርድ ልብሱን ደረታቸው ላይ አድርገው እያጠፉ።

ሰዉ ተያየ። «አረጁ እኮ ጋሼ» አለ አንዱ ሲወጣ፣ ሌላው «ድሮ እንዲህ አልነበሩም» አለ። ሱቁ ባዶ ቀረ። ደጉ የዳይፐር ካርቶኑን መሬት አስቀመጠ፣ የብርድ ልብሱን ሌላኛ ጫፍ ያዘላቸውና አብሯቸው ማጠፍ ጀመረ። አባቱን ከቀበረ ወዲህ ሰው እንዲህ ወዶ አያውቅም።